የአባትሽ ጡረታ ከእናትሽ ሙዳይ ይጀምራል

ጥያቄው የመጣው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ጠያቂዋ ረዘም አድርጋ ጽፋዋለች። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«አባቴ 73 ዓመታቸው ነው። በ1969 የእናት ሀገር ጥሪ ሲባል ከደምቢያ ተነሥተው ታጠቅ ጦር ሰፈር ገቡ። ካራማራ ላይ ነበሩ። ከዚያ ወደ ሰሜን ተላኩና በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ ናቅፋ ላይ ቆሰሉ። ፍንጣሪው እስከ ዛሬ ከግራ እግራቸው አልወጣም። ሲያገግሙ አዘዞ ካምፕ ንብረት ክፍል ተመደቡ። ጎንደር እስከተያዘችበት እስከ 1983 እዚያው ሠሩ፤ ማዕረጋቸው አሥር አለቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዘበኝነትና በቀን ሥራ ነው የኖሩት። አሁን ዓይናቸውም እግራቸውም ደክሞ ዘበኝነቱን ተዉት። ጡረታ ልንጠይቅ ስንሄድ አንዱ ቢሮ ‹ፋይል የላቸውም› አለን። ሌላው ‹ከመከላከያ አጽፋችሁ አምጡ› አለን። አንድ ሰውዬ ደግሞ 20 ሺህ ብር ከሰጣችሁኝ አስጨርሳለሁ ይላል። በእጃችን ያለው አንድ የደበዘዘ መታወቂያ፣ አንድ ፎቶና ከተሐድሶ ሲወጡ የተሰጣቸው ካርድ ነው። ያኔ እናቴ የአባቴን ተቆራጭ እየተቀበለች ነበር ያሳደገችን። አባቴ ጡረታ ይገባቸዋል? ከየት እንጀምር?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ልቤን የያዘው የአባትሽ እግር ነው። በሁለተኛው ግን ዓይኔ አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ተተከለ። «እናቴ የአባቴን ተቆራጭ እየተቀበለች ነበር ያሳደገችን» ያልሽው ላይ። አንቺ ያን የጻፍሽው ያሳለፋችሁትን ኑሮ ለማስረዳት ይመስለኛል። ለእኔ ግን በደብዳቤው ውስጥ ካለው ሁሉ ትልቁ ማስረጃ እሱ ነው።

ለምን እንደሆነ እንድትረጂኝ መጀመሪያ ሕጉን ላስቀምጥልሽ።

አሁን በሥራ ላይ ያለው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። ከእሱ በፊት አዋጅ ቁጥር 714/2003 ነበር። አባትሽ ያገለገሉበት ዘመን ደግሞ በ1955 በወጣው በአዋጅ ቁጥር 209 ሥር ነው። የመከላከያ አባላት በእነዚህ ሕጎች ውስጥ ናቸው። ጡረታ ለወታደር በችሮታ የሚሰጥ አይደለም። ወታደሩ ከደመወዙ ይቆረጥበታል፤ መንግሥትም በአሠሪነቱ ይጨምርበታል። ዛሬ ወታደሩ 7 በመቶ ሲያዋጣ መንግሥት 25 በመቶ ያዋጣለታል። ይህን የምነግርሽ አንገታችሁን ደፍታችሁ እንዳትገቡ ነው። የምትጠይቁት የሠሩበትን ነው።

ለአገልግሎት ጡረታ ቁልፉ ቁጥር 10 ነው። ቢያንስ 10 ዓመት የሚቆጠር አገልግሎት ያስፈልጋል። ከ10 ዓመት በታች ከሆነ ግን በየወሩ የሚከፈል አበል የለም። ያለው አንድ ጊዜ የሚሰጥ ዳረጎት ነው። 10 ዓመት ሲሞላ ስሌቱ የሚጀምረው ከመጨረሻው የሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለወታደር 1.65 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ስለዚህ የአባትሽ 14 ዓመት ሙሉ በሙሉ ከተቆጠረ 36.6 በመቶ ይደርሳል። ያኔ የነበረው ደመወዝ ዛሬ ምን ይገዛል ብለሽ አትዘኚ። መንግሥት ዝቅተኛውን የጡረታ አበል መጠን በየጊዜው ያስተካክላል፤ ከዚያ በታች አይከፈልም። የጡረታ ዕድሜውን ደግሞ አባትሽ ከብዙ ዓመት በፊት አልፈውታል። በዚያ በኩል የሚያሳስብ ነገር የለም።

የሚያሳስበኝ «ሙሉ በሙሉ ከተቆጠረ» ያልኩት ላይ ነው።

በ1969 ታጠቅ የገባው ሰው ሁሉ በገባበት ቀን ቋሚ ወታደር አልሆነም። የእናት ሀገር ጥሪን ሰምቶ የዘመተው በአብዛኛው ሚሊሺያ ነበር። ብዙዎቹ በኋላ ወደ መደበኛው ጦር ተጠቃለሉ። ከ1975ቱ አዋጅ በኋላ የመጡት የብሔራዊ ውትድርና ልጆች ጉዳይም ሌላ ነው። የእነሱ ግዴታ ከነሥልጠናው 30 ወር ነበር። እሱ ብቻውን 10 ዓመት አይሞላም። አባትሽ ከእነሱ ቀድመው የገቡ ናቸው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «መቼ ዘመቱ?» አይደለም። «በወር ደመወዝ መዝገብ ላይ ስማቸው መቼ ገባ?» የሚለው ነው።

እስቲ ቁጥሩን አብረን እንየው። መጨረሻው 1983 ነው። መዝገቡ ላይ የገቡት በ1971 ከሆነ 12 ዓመት ነው። በ1972 ከሆነ 11 ዓመት ነው። በ1974፣ ከናቅፋ ቁስል በኋላ ከሆነ ግን 9 ዓመት ይሆናል። አየሽው? የሁለት ዓመት ልዩነት ዕድሜ ልክ በሚከፈል አበልና አንድ ጊዜ ተሰጥቶ በሚያልቅ ዳረጎት መካከል ያለ ልዩነት ነው። እሳቸው ከሞቱም ለእናትሽ አበል በመተላለፉና ባለመተላለፉ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ተቆራጭ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ወታደሩ ግንባር ሆኖ ከደመወዙ ላይ ለሚስቱ ወይም ለእናቱ በየወሩ የሚቆረጠው ገንዘብ ነው ተቆራጭ። ደመወዝ የሌለው ሰው ተቆራጭ የለውም። ለእናትሽ ተቆራጭ ከተከፈለ፣ የሆነ ክፍል ፔሮል (የደመወዝ መዝገብ) ላይ የአባትሽ ስም፣ መለያ ቁጥርና የደመወዝ ልክ ተጽፎ ነበር ማለት ነው። ከጎኑም ደግሞ የእናትሽ ስም። «ፋይል የላቸውም» የተባለው ፋይል ባይገኝ እንኳ በሌላ በር መግቢያ ይህ ነው። የሰው ፋይል ይጠፋል። የክፍያ ወረቀት ግን በብዙ ቦታ ይባዛል። ከፋዩ ጋ አንድ፣ ሒሳብ ክፍሉ ጋ አንድ፣ አንዳንዴም ተቀባይዋ ጋ አንድ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ሥራሽ እናትሽ ጋ ነው። ሙዳያቸውን፣ የልብስ ሣጥናቸውን፣ የድሮ የጸሎት መጽሐፍ ካላቸው በገጾቹ መካከል ያለውን ሁሉ እዪ። የዚያ ዘመን እናቶች ማኅተም ያለበት ወረቀት አይጥሉም። አንድ ጊዜ ጉዳያቸውን የያዝኩላቸው እናት፣ ጨው በቋጠሩበት ጨርቅ ውስጥ ደብተር ስታክል ታጥፋ የኖረች የክፍያ ወረቀት አውጥተው ሰጥተውኛል። በእጥፋቷ ላይ ተበጣጥሳለች። ጽሑፉ ከቀይ ቀለም ወደ ቡናማ ሄዷል። ማኅተሙ ግን ክብ ሆኖ ቁጭ ብሏል፤ የክፍለ ጦሩ ቁጥር ይነበባል። ባላቸው ለዓመታት የተመላለሱበትን ጉዳይ ያስጀመረችው እሷ ናት። ወረቀቱ ባይገኝ እንኳ እናትሽ የት እየሄዱ ይቀበሉ እንደነበር፣ ማን ይከፍላቸው እንደነበር፣ መጀመሪያ የተቀበሉት ማን ልጅ በእቅፍ እያለ እንደሆነ ይነግሩሻል። የልጅ ልደት ከቀን መቁጠሪያ የበለጠ ትክክል ነው። ጻፊው።

ቀጥሎ አባትሽ ጋ ነው። እዚህ ላይ አደራ የምልሽ ነገር አለ። «የጦርነቱን ታሪክ ንገሩኝ» ብለሽ አትጀምሪ። ስንት ጓደኛ እንደቀበሩ አታውቂም። ቡና ሲፈላ፣ ረጋ ብለሽ፣ ስለ ደመወዝ ጠይቂያቸው። ደመወዝ የት ትቀበሉ ነበር? ከፋዩ ማን ይባል ነበር? የሻምበሉ አዛዥ ማን ነበር? ብርጌዱስ? ክፍለ ጦሩስ? ከታጠቅ በኋላ ሌላ ማሠልጠኛ ገብተዋል? ጦላይ? ብላቴ? ሁርሶ? የቆሰሉ ጊዜ መጀመሪያ የታከሙት የት ነው? ወደ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተልከው ነበር? የመለያ ቁጥራቸውን ጠይቂ። ካላስታወሱ የጠመንጃቸውን ቁጥር ጠይቂ። የሚስቱን ልደት የማያውቅ ወታደር የጠመንጃውን ቁጥር እንደ አቡነ ዘበሰማያት ሲወርደው ሰምቻለሁ። አንዱ ቁጥር ሲመጣ ሌላው ይከተላል።

ዓመቱ ከጠፋባቸው በክስተት አስጠጊያቸው። ካራማራ የካቲት 1970 ነው። ቀይ ኮከብ 1974 ነው። ድርቁ 1977 ነው። አፋቤት የተያዘችው መጋቢት 1980 ነው። የጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ግንቦት 1981 ነው። «የአሥር አለቃነቱን ማዕረግ ሲያገኙ ከቀይ ኮከብ በፊት ነው በኋላ?» ብለሽ ስትጠይቂ መልስ ታገኛለሽ። «በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብለሽ ከጠየቅሽ ግን ሊሳሳቱ ይችላሉ። የተሳሳተ ዓመት ማመልከቻ ላይ ከገባ ደግሞ ኋላ ይጎዳችኋል። እርግጠኛ ያልሆኑበትን «አካባቢ» ብላችሁ ጻፉ።

ሦስቱን ወረቀቶች በተመለከተ። ላሚኔት አታስደርጊ። እባክሽ። ሰው ወረቀቱን የጠበቀ መስሎት ፕላስቲክ ውስጥ ያሳሽገዋል። በሙቀቱ ቀለሙ ይጠፋል፤ ማኅተሙም ትክክለኛ መሆኑን መመርመር አይቻልም። የደበዘዘውን ጽሑፍ በእስክሪብቶ ማድመቅም አይሆንም። ያኔ እውነተኛው ሰነድ እንደ ሐሰተኛ ይቆጠራል። በፀሐይ ብርሃን፣ ከጎን በኩል ብርሃን እንዲያርፍበት አድርገሽ በስልክ አንሺው። በፊትም በጀርባም። የፎቶውን ጀርባ እዪ፤ ቀንና ቦታ ይጽፉበት ነበር። ዋናውን ለማንም አትስጪ። አሳይተሽ ኮፒውን ስጪ።

ከተሐድሶ ሲወጡ የተሰጣቸው ካርድ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ካምፕ የገቡትን መዝግቦ ካርድ እየሰጠ ወደየአገራቸው የሸኘው እሱ ነው። ካርዱ አባትሽ እስከ መጨረሻው በሠራዊቱ ውስጥ እንደነበሩ ያሳያል። ጥለው አልጠፉም፤ በፈቃዳቸውም አልለቀቁም። ሠራዊቱ ነው የተበተነው። ከአገልግሎት የተለዩበት ምክንያት በጡረታ ሕግ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። ስለዚህ የካርዱን ቁጥር ማመልከቻው ውስጥ ጥቀሱት።

አሁን የቢሮውን ምልልስ እንፍታው። አገልግሎትን የሚያረጋግጠው አሠሪው መሥሪያ ቤት ነው። የአባትሽ አሠሪ መከላከያ ነው። መብቱን መርምሮ የሚወስነው ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው። እናንተ ሁለተኛውን በር አንኳኩታችሁ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ ተባላችሁ። በአሠራር ደረጃ ስሕተት የለውም። ያበሳጨኝ በአፍ መባሉ ነው። ሽማግሌ ሰው በከዘራ መጥቶ በአፍ ተመለስ አይባልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ማመልከቻ ለመከላከያ ሚኒስቴር የሰው ሀብት ክፍል ነው። የሚጠይቀው ጡረታ አይደለም። የአገልግሎት ማስረጃ ነው። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉት ራፖር ጸሐፊዎች ብዙዎቹ ጎበዞች ናቸው፤ ግን ስለ ጀግንነትና ስለ እንባ ማስረዘም ይወዳሉ። መዝገብ ቤት ያለው ሠራተኛ የሚፈልገው ቁጥር ነው። እንዲህ ብትጽፉት በቂ ነው፦

«እኔ አመልካች ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኜ፣ በ… ክፍለ ጦር፣ በ… ብርጌድ በመለያ ቁጥር … ሳገለግል ቆይቼ፣ በ1974 ዓ.ም. ናቅፋ ግንባር ቆስዬ፣ ካገገምኩ በኋላ በአዘዞ ካምፕ ንብረት ክፍል ተመድቤ በአሥር አለቃነት እስከ 1983 ዓ.ም. ሠርቻለሁ። ደመወዝ ይከፈለኝ ነበር። ከደመወዜ ላይ ለባለቤቴ ተቆራጭ ይከፈል ነበር። የተሐድሶ ካርድ ቁጥሬ … ነው። በግል ማኅደሬ፣ በደመወዝና በተቆራጭ መዝገቦች ላይ ተጣርቶ የአገልግሎት ዘመኔ፣ የደመወዝ ልኬና የተለየሁበት ምክንያት ተገልጾ ማስረጃ እንዲሰጠኝ፣ ግልባጩም ለመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር እንዲላክልኝ እጠይቃለሁ።»

«በግል ማኅደሬ፣ በደመወዝና በተቆራጭ መዝገቦች ላይ» የምትለዋን አትዝለሏት። ማኅደር ብቻ ብትሉ ማኅደር ፈልገው «የለም» ሊሏችሁ ይችላሉ። ፔሮል ስትሉ ሌላ መደርደሪያ ይከፈታል።

ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን ስታስገቡ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመቱ። ካልመታልን አንሄድም በሉ፤ በትሕትና፣ ግን ቆማችሁ። በዚያው ሳምንት ለማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደርም በአቅራቢያችሁ ባለው ጽሕፈት ቤት በኩል ማመልከቻ አስገቡ፤ «ማስረጃው ከመከላከያ እስኪላክ ጥያቄዬ ይመዝገብልኝ» የሚል። ለምን አትጠብቁም? ውዝፍ አበል የሚጠየቅበት ጊዜ በይርጋ የተገደበ ነው። የጠየቃችሁበት ቀን በወረቀት ላይ ከሌለ እንዳልጠየቃችሁ ይቆጠራል። እስከ ዛሬ የተመላለሳችሁት ሁሉ፣ በአፍ ስለነበር፣ የትም አልተጻፈም። እሱን ሳስብ ያንገበግበኛል።

መልሱ «አይገባውም» ቢሆን፣ በጽሑፍ ስጡን በሉ። በጽሑፍ የተሰጠ ውሳኔ ይግባኝ ይባልበታል። የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጉባኤ የሚባል አካል አለ። የጡረታ ውሳኔ ቅር ያሰኘው ሰው የሚሄደው ወደዚያ ነው፤ ወረዳ ፍርድ ቤት አይደለም። ጉባኤው ከወሰነ በኋላም መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ካለ ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት ሊሄድ ይችላል። ይግባኝ የቀን ገደብ ስላለው ውሳኔው እጃችሁ የገባበትን ቀን ደብዳቤው ጫፍ ላይ ጻፊ።

መልስ ከነጭራሹ ካልመጣስ? የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። የአስተዳደር በደልን ያለ ክፍያ ይቀበላል፤ ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። ገቢ ቁጥር የተመታበትን ቅጂ ይዘሽ ከሄድሽ ይሰሙሻል። ለጽሑፍና ለይግባኝ ሥራ ደግሞ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ለአቅመ ደካሞች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። እዚያ ያሉት ልጆች ይሮጣሉ። ሒጂና አነጋግሪያቸው።

20 ሺህ ብር የጠየቀውን ሰውዬ እንዳትሰጡት። መንግሥት ለዚህ ጉዳይ የሚያስከፍለው እንዲህ ያለ ገንዘብ የለም። ሰውዬው ሊያደርግላችሁ የሚችለው ነገር ቢኖር ከላይ የጻፍኩትን ነው። የባሰው ደግሞ ሐሰተኛ የስንብት ወረቀት ያሠራላችኋል። እንደዚያ ያለ አንድ ወረቀት ፋይል ውስጥ ከገባ፣ እውነተኛዎቹ ሦስት ወረቀቶችም አይታመኑም። አባትሽም በስተርጅና ተከሳሽ ይሆናሉ። ውክልናም እንዳትሰጡት። ውክልና ካስፈለገ፣ አባትሽ መንገዱ ስለሚከብዳቸው፣ ለአንቺ ይስጡሽ፤ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የሚል ልዩ ውክልና፣ ሰነድ በሚያረጋግጠው የመንግሥት ቢሮ ፊት የተፈረመ። «ከጡረታው ግማሹን ትሰጡኛላችሁ» የሚል ውል ቢያመጣም አትፈርሙ። የጡረታ መብት አይሸጥም፤ ለሌላ አይተላለፍም።

ስለ እግራቸው አንድ ከባድ ነገር ልንገርሽ። ብዙ ቤተሰብ ማመልከቻውን በቁስሉ ይጀምራል፤ እኔም አባቴ ቢሆኑ እንደዚያው አደርግ ነበር። ግን የጉዳት ጡረታ የሚሰጠው በጉዳቱ ምክንያት መሥራት አቅቶት ከሠራዊቱ ለተለየ ሰው ነው፤ በቦርድ፣ ማለትም በሐኪሞች ውሳኔ፣ ለወጣ ሰው። አባትሽ ቆስለው ቦርድ አልወጡም። ድነው ንብረት ክፍል ገቡና ዘጠኝ ዓመት ሠሩ። እነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ብቻቸውን 10 ባይሞሉም፣ ለእናንተ የሚሻለው መንገድ እነሱ ናቸው። በጥይት መካከል ከቆሙባቸው ዓመታት ይልቅ ጫማና ብርድ ልብስ እየቆጠሩ የፈረሙባቸው ዓመታት ናቸው ወረቀት የተውት። ንብረት ክፍል ፊርማ የሚበዛበት ቦታ ነው። «ምን ምን ላይ ትፈርሙ ነበር?» ብለሽ ጠይቂያቸው። የሕክምና ማስረጃው ግን አይጣል። የታከሙበት ካርድ የክፍላቸውን ስምና ቀን ስለሚይዝ የአገልግሎት ማስረጃ ይሆናል።

ስምና ዕድሜ። መታወቂያው ላይ ያለው የአያት ስም ከቀበሌው መታወቂያ ጋር ካልገጠመ አትደንግጡ። በዚያ ዘመን ሲመዘገብ የክርስትና ስሙን የሰጠም፣ ጸሐፊው በሰማው የጻፈለትም ብዙ ነው። ሁለቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን ምስክር አሰምቶ በፍርድ ቤት ማረጋገጥ ይቻላል። ምስክር ጥሩ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። አብረዋቸው የነበሩ ጓዶች በሕይወት ካሉ ፈልጉ። ለአገልግሎት ዘመን ግን ምስክር ሰነድን ያግዛል እንጂ አይተካም። ዕድሜን በተመለከተ የሚያዘው መጀመሪያ ሲቀጠሩ በሕይወት ታሪክ ፎርም ላይ ያስሞሉት ነው። ቀበሌ ሄዳችሁ አዲስ ልደት አታስጽፉ። የፋይዳ መታወቂያቸውን ግን ካላወጡ አውጡ፤ ጡረታው ሲፈቀድ የሚከፈለው በባንክ ነው፣ ባንኮችም ፋይዳ ይጠይቃሉ። ዘበኛ የነበሩበት የግል ድርጅት ከ2003 ወዲህ የጡረታ መዋጮ ቆርጦላቸው ከሆነም ያን ወረቀት አብራችሁ አቅርቡ።

ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን መጻፍ አለብኝ። አባትሽ 73 ናቸው። ጉዳዩ ሊረዝም ይችላል። እሳቸው ባይደርሱበት መብቱ ከእሳቸው ጋር አይቀበርም። ጡረታ የሚገባው ሰው ሲሞት ለባለቤቱ የአበሉ 50 በመቶ ይከፈላል። ለዚያ ግን ጋብቻው መታወቅ አለበት። እናትና አባትሽ የተጋቡት በባህል ወይም በቤተ ክርስቲያን ከሆነና የተመዘገበ ወረቀት ከሌላቸው፣ አሁን፣ ሁለቱም ቆመው እያሉ ያስመዝግቡት። ከሞት በኋላ ሚስትነትን በምስክር ማረጋገጥ እንዴት እንደሚያንከራትት በዓይኔ አይቻለሁ። ሃምሳ ዓመት አብራ የኖረች እናት «ሚስቱ መሆንሽን አስረጂ» ስትባል ማየት ያማል።

እስከዚያው ደግሞ ቤቱ መብላት፣ አባትሽም መታከም አለባቸው። ቀበሌያችሁ ሄደሽ ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛው የማኅበረሰብ ጤና መድን ነው። መክፈል የማይችሉ ሰዎች ተለይተው መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንላቸዋል። ሁለተኛው በከተማ ሴፍቲኔት ውስጥ ያለው ቀጥታ ድጋፍ ነው። መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን የታሰበ ስለሆነ ምዝገባው መቼ እንደሆነ ጠይቀሽ ስማቸውን አስይዢ። አባትሽ «እኔ ልመና አልገባም» ሊሉሽ ይችላሉ። የወታደር ልብ ነው። ፎርሙን አንቺ ሙዪውና እሳቸው ፈርመው ይመለሱ።

ጡረታው በእርግጠኝነት ይገኛል ብዬ ቃል አልገባልሽም፤ የሚወስነው መዝገቡ ነው። ከጻፍሽልኝ ግን ይህ ጉዳይ ባዶ እጅ አይደለም። እናትሽ መጀመሪያ ተቆራጭ የተቀበሉት ከ1973 በፊት ከሆነ ዐሥሩ ዓመት ይሞላል። ማን በእቅፋቸው እንደነበረ ጠይቂያቸው። አንቺ ከሆንሽ ወይም ታላቅ ወንድምሽ ከሆነ፣ የክርስትና ምስክር ወረቀቱን ከደብሩ አውጥተሽ ከማመልከቻው ጋር አያይዢው።